ውሃ ላይ ሰው አይቆጠርም

የደንገሎ ከተማ ሰው ሲያወራ እንዲህ ይላል። ታንኳ ቀዛፊው ካሚል የሽመላ ደሴትን የምርጫ ሳጥን ጭኖ የመጣ ዕለት ኪሱ ሞልቶ ነበር። ከፋዩ ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ብቻ ተከፍሎታል። ሳጥኑን ጣና ሐይቅ ውስጥ ነክሮ፣ የሰውን ድምፅ ሁሉ ሊጥ አድርጎ፣ ደንገሉ መሐል ጥሎት ሄደ። በማግስቱ ሐሙሲት ላይ አዲስ ጃኬት ለብሶ ሻይ ሲጠጣ ያየው ሰው አለ። ከዚያ በጎንደር አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ከጎንደር መተማ፤ ከመተማ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው።

የሐይቁ ዳር ሰው ሲያወራ ደግሞ እንዲህ ይላል። ካሚል የማንንም ገንዘብ አልነካም። አመሻሽ ላይ የተነሳው ነፋስ መሐል ውሃ ላይ ያዘው። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ውሎ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር፤ ደንገል ደግሞ ካልደረቀ አይሸከምም። መስጠም ሲጀምር ሳጥኑን በመቅዘፊያው ወደ ዳር ገፋው፤ ገፋው፤ እሱ ቀረ። ሬሳው አልወጣም። ጣና ብዙ ጊዜ የወሰደውን ሲሰነብት ይመልሳል፤ ካሚልን ግን አልመለሰም።

ሁለቱም ወገን የማይጣሉበት አንድ ነገር አለ። ካሚል ያን ዕለት አልመረጠም። ከትንንሾቹ ደሴቶች አሮጊቱንና ነፍሰ ጡሩን ሲያሻግር ውሎ፣ የራሱ ተራ ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል ተብሎ በሩ ተዘጋበት። ሲስቅ የሰሙት አሉ። «ግድ የለም፤ ለሚቀጥለው የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ሳጥኑን ተቀብሎ ጫነ።

ሂክማ የካሚል ልጅ ናት። ያን ጊዜ በእናቷ በዘይቱና ሆድ ውስጥ ነበረች። ሁለቱንም ወሬ እየሰማች አደገች፤ ከተማ ስትማር አንዱን፣ ለእረፍት ወደ ደሴቱ ስትመለስ ሌላውን። ትምህርት ቤት «የሳጥን ሌባ ልጅ» ይሏት የነበሩ ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል፤ ስሙን ግን አልረሱትም። በእናቷ ቤት ደግሞ ሐዘን ተቀምጦ አያውቅም። ዘይቱና ባሏን ሞተ ብላ አላለቀሰችም፤ ደጇንም ለሌላ ሰው አልከፈተችም፤ ሚስትም መበለትም ሳትሆን ኖረች።

ሂክማ ባሕር ዳር ተምራ፣ ፋሲሎ ሰፈር ቤት ተከራይታ፣ ደመወዝተኛ ሆና ስትኖር ቆይታ በዚህ ዓመት ድንገት እጩ ሆና ተመዘገበች፤ በግሏ፤ ምልክቷ መቅዘፊያ። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃት ስለ ጀልባ ማረፊያና ስለ ጤና ጣቢያ ትናገራለች። ያም ውሸት አይደለም። ለእናቷ ግን ለብቻዋ ሌላውን ነገረቻት፦ «በዚያው በሽመላ ሳጥን፣ አንዲት እንከን ሳይገኝብኝ ማሸነፍ አለብኝ እማየ። ያን ጊዜ የአባቴን ስም የሚያነሳ አፍ ይዘጋል።»

ደንገሎ ደግሞ እንዲህ በዋዛ የሚሸነፍበት ምርጫ ክልል አይደለም። ከዘንዘልማ ጀርባ ተነስቶ ወደ ሐሙሲት ጥግ የሚወጣ፣ ግማሹ አስፋልት ግማሹ ውሃ የሆነ አገር ነው። የመንገድ ዳር ሰው ምልክቱ ፋኖስ የሆነውን ፓርቲ ይመርጣል። የውሃ ዳር ሰው ከፋኖስ ሌላ ምንም ይሁን ምን ይመርጣል። በመሐል በአዲሶቹ ሰፈሮች ቤት የሠራው የፋብሪካና የኮሌጅ ሠራተኛ ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ ልቡን የሚያውቅለት የለም። አገሩ ሁሉ ወዳንድ ወገን ባዘነበለበት ዘመን እንኳ ደንገሎ መሐል ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ሰዉ «ደንገሎን አንድ ጀልባ ሰው ይሾማል፣ አንድ ጀልባ ሰው ይሽራል» ይላል። ካሚል በጠፋ ጊዜ የሽመላ ሳጥን ተበላሽቷል ተብሎ ስለተሰረዘ ወንበሩን ያገኙት የፋኖሱ እጩ፣ የይትባረክ አባት ነበሩ። በሚቀጥለው ተነጠቁ፤ ከዚያ መለሱ፤ ደግሞ ተነጠቁ። ዘንድሮ ፋኖስን ይዞ የቀረበው ልጃቸው ይትባረክ ራሱ ነው፤ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ቁጡ፣ ቃሉን ግን የማያጥፍ ጎልማሳ።

ከካሚል ወዲህ በተደረገው ምርጫ ሁሉ ከሽመላ ሳጥን አንድ ነገር ይወጣል። ከደረቆቹ ወረቀቶች መሐል አንድ እርጥብ ወረቀት፤ ምንም ምልክት ያላረፈበት፤ ባዶ። ቆጣሪዎቹ «ዝናብ ነክቶት ነው»፣ «የሰው ላብ ነው» እያሉ ከተበላሹት ጋር ያኖሩታል። ባዶ ወረቀት ውጤት ስለማይለውጥ የጠየቀ የለም። የደሴቱ ሰው ግን የማን እንደሆነ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ አይናገርም እንጂ።

የምርጫው ዕለት ሂክማ ከእናቷ ጋር ሽመላ ላይ ተሰለፈች፤ የተመዘገበችው እዚያው የትውልድ ቦታዋ ነውና። የጣቢያው ኃላፊ ምናሴ ከባሕር ዳር የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ነገር ሁሉ በልኩ እንዲሆን የሚወድ። በሩን ከፍቶ ወጣና ሰልፉን አየ። ከበሩ ገመድ እስከ መጀመሪያው ሰው ድረስ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነበር።

«ቀረብ በሉ እንጂ! ለምን ራቃችሁ?»

የተንቀሳቀሰ የለም። ከፊት የቆመው የካሚል ታናሽ ወንድም አደም ነው፤ የሂክማ አጎት፣ ዛሬ የሞተር ጀልባ ያለው።

«ቦታችን ይሄው ነው መምህር» አለ።

«የመጀመሪያው ተሰላፊ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ሁለተኛ ነኝ።»

ምናሴ ባዶውን ቦታ አየ፤ አደምን አየ። ያሾፉበት መሰለው። ከእሱ በፊት የመጡት ኃላፊዎች እዚህ ላይ ተቆጥተው፣ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው አስገብተው ነበር። እሱ ግን በማለዳ ሰው መቆጣት አልወደደም። ፈገግ አለና ለባዶው ቦታ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«እሺ፤ ይግቡ!»

ሂክማ የእናቷ ጣቶች ክንዷ ላይ ሲጠብቁ ተሰማት።

«ይግቡ አለው» አለች ዘይቱና በሹክሹክታ። «ሰማሽ ልጄ? እስተዛሬ ግባ ያለው ሰው አልነበረም።»

አደም ጥቂት ቆሞ፣ አንድ ሰው ጉዳዩን እስኪጨርስ ያህል ጠብቆ፣ ከዚያ ገባ።

ሂክማ ተራዋ ደርሶ ስትገባ ዓይኗ ወለሉ ላይ አረፈ። ሰማዩ ገና አልዘነበም። ሲሚንቶው ላይ ግን ከበሩ እስከ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው እስከ ሳጥኑ የባዶ እግር እርጥብ ዱካ ነበር። አደም ጫማ አድርጎ ነው የገባው። ዱካው ሳጥኑ ዘንድ ደርሶ ይቆማል፤ የሚወጣ ዱካ የለም። ምልክቷን አድርጋ፣ ወረቀቷን አጥፋ ስትከት እርጥቡን ላለመርገጥ ወደ ጎን ዞረች። ለምን እንደዞረች ራሷም አላወቀችም።

ከቀትር በኋላ የክረምት መግቢያው ነፋስ መጣ። በሩ ሊዘጋ ሲል የጣቢያውን ቆርቆሮ ገሽልጦ ወሰደው፤ ዝናቡ በላዩ ወረደ። ሳጥኑ በማኅተም እንደታሸገ ነበርና አልረጠበም፤ እዚያ መቁጠር ግን የማይሆን ሆነ። ምናሴ ስልክ ደወለ። ሳጥኑ በፖሊስ እየተጠበቀ እንዲያድር፣ ሲነጋም ተሻግሮ በደንገሎ አዳራሽ በሁለቱ እጩዎች ፊት እንዲቆጠር ተባለ። የሽመላ ሳጥን ሳይቆጠር ውሃ ሲሻገር ከአባቷ ጊዜ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጧት ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ነበር። አደም ሞተሩን አስነሳ። ሳጥኑ መሐል ተቀመጠ። ምናሴ፣ ሂክማ፣ ጠመንጃውን ያነገተው ፖሊስና የፋኖስ ታዛቢ ሆኖ የመጣው አለበል ተሳፈሩ። ዘይቱና ማንም ሳይጠራት መጥታ ገባች። ለእያንዳንዳቸው ምናሴ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት አደለ፤ ከባሕር ዳር ይዞት የመጣው በልኩ ነበር፤ አልተረፈም አልጎደለም።

አለበል ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ገና ከዳር ሳይርቁ፣ «ሂክማ፣ ሳጥኑ ዘንድ ባትቀመጪ? የእናንተ ቤት ሰው እጁ ውሃ ያውቃል» አለ።

«ከፈራህ አቅፈኸው ተቀመጥ» አለችው። «ብንሰጥም እሱ ይዞህ ይወጣል። ለነገሩ አንተ ብቻህንም አትሰጥምም፤ ባዶ ነገር ተንሳፋፊ ነው።»

ፖሊሱ ሳቀ። አደም አልሳቀም፤ ጉሙን እያየ ነበር።

መሐል ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጠፋ። ከፊትም ከኋላም ዳር አይታይም። ምናሴ የሰው ነፍስ የያዘ ሰው ስለሆነ ተጨነቀ፤ ጣቱን ቀስሮ ሰዉን መቁጠር ጀመረ።

«አንድ… ሁለት… ሦስት…»

«ተው መምህር!» አደም ጮኸ። «ውሃ ላይ ሰው አይቆጠርም!»

«ምን ችግር አለው?»

«ውሃውም አብሮህ ይቆጥራል።»

ምናሴ ግን ጣቱ ቀድሞት ጨርሷል። «ሰባት» አለ፤ እንደዋዛ፣ ስም እንደሚጠራ መምህር። «ጃኬት ያመጣሁት ስድስት ነው። አንድ ሰው ያለ ጃኬት ነው ያለ…» ብሎ አቋረጠው።

ማንም ዞሮ አላየም። አለበል ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተከለ። ፖሊሱ የጠመንጃውን ማንገቻ ጨበጠ። ሂክማ ያየችው ሰው አይደለም። ያየችው ጀልባው ወደ ቀኝ ማጋደሉን ነው፤ በቀኝ በኩል ማንም ያልተቀመጠበት ጣውላ ብቻ ነበር። ጀልባው የእንጨት ነው፤ የሚሸታት ግን ውሃ የጠገበ ደንገል ነበር። ዘይቱና ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እንግዳ እንደሚያስቀምጥ ሰው ጠጋ አለች። ከጎኗ ቦታ ለቀቀች።

ሞተሩ እንደጠፋ ነው። ጀልባው ግን መሄድ ጀመረ። ነፋስ የለም፤ ማዕበል የለም። ውሃው በቀኝ በኩል ብቻ ጠለቅ፣ ጠለቅ ይል ነበር፤ አንድ ሰው ሳይቸኩል እንደሚቀዝፍ። አደም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ቢስሚላህ» ከማለት በቀር ምንም አልሠራም። ጉሙ ሲገለጥ የደንገሎ ደንገል ፊታቸው ቆሞ ነበር። ያኔ ሳጥኑ የተገኘበት ቦታ ነው።

አንድ በአንድ ወረዱ። ምናሴ መሬት ረግጦ እንደገና ቆጠረ፤ አሁን ድምፅ አላወጣም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ስድስት። ሂክማ ግን ጀልባውን እያየች ነበር። ሁሉም ከወረዱ በኋላ፣ ባዶውን የቆመው ጀልባ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ከፍ አለ፤ የመጨረሻው ሰው እንደወረደለት።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቃቸው። የሌሎቹ ጣቢያዎች ውጤት ሁሉ ገብቷል፤ ይትባረክ በጥቂት ይመራል፤ የቀረው ሽመላ ብቻ ነው። እንደተለመደው ደንገሎ አንድ ጀልባ እየጠበቀች ነበር። ይትባረክ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ሂክማን ሲያይ ለሰላምታ ግማሽ ብድግ አለላት፤ ለዘይቱና ሙሉውን ተነሳ።

ምናሴ ማኅተሙን ለሁሉም አሳይቶ ፈታ። ወረቀቶቹን እያነሳ፣ እያሳየ፣ በየወገኑ ቆለለ። መቅዘፊያ። መቅዘፊያ። ፋኖስ። መቅዘፊያ። የሂክማ ቁልል ሲያድግ የይትባረክ እግር መወዛወዙን ተወ። ደረቁ ወረቀት አልቆ ከመራጮቹ መዝገብ ጋር ልክ በገጠመ ጊዜ ምናሴ ከሌሎቹ ጣቢያዎች ውጤት ጋር ደምሮ፣ ደግሞ ደምሮ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«እኩል ናቸው» አለ። «በጠቅላላው፣ እኩል ለእኩል።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ምናሴ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ለማሳየት ወደ ጎን ሲያዘነብለው አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። የታጠፈ ወረቀት፤ ከጠርዙ ውሃ የሚንጠባጠብ። እንዳይቀደድበት ተጠንቅቆ ዘረጋው። በመቅዘፊያው ምልክት ላይ የአውራ ጣት አሻራ በቀለም አርፎበታል። ወረቀቱ ረጥቦም ቀለሙ አልፈሰሰም። አሻራውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ነጭ መስመር ነበር።

ዘይቱና ከማንም በፊት ተነስታ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰች። ወረቀቱን አልነካችውም።

«አውራ ጣቱን የዓሣ ገመድ ቆርጦት ነው» አለች፤ ለማንም ሳይሆን። «እስካጥንቱ። እኔ ነኝ ያሰርሁለት።»

አደም በአጠገቧ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። እንባው ወረደ።

ይትባረክ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ምንድን ነው ይሄ ቲያትር? ከመረጠው ሰው ወረቀቱ በአንድ በልጧል! አባት ነከረ፣ ልጅ ጨመረች! አለበል፣ አንተ እዚያው አልነበርህም? ተናገር እንጂ!»

የማያርፈው ምላስ ዛሬ ታሰረ። «እኔ… ሳጥኑ ታሽጎ ነበር» አለ አለበል። «ማንም አልነካውም፤ ምያለሁ። ሌላውን አትጠይቀኝ ወንድሜ።»

ምናሴ እጁን አንስቶ ሰዉን ዝም አሰኘ። ፊቱ ነጥቷል፤ ድምፁ ግን የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር። «የማውቀውን ልናገር። ወረቀቱ የዘንድሮ ነው፤ ማኅተሙ የጣቢያው ነው፤ አሻራውም ቦታውን አልሳተም። ይሄ ሁሉ ትክክል ነው። ትርፍ መሆኑም ትክክል ነው። ይግቡ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ እኔ ብቻዬን አልፈርድበትም። ሁለቱ እጩዎች ከተስማሙ ይቆጠራል። አንዳቸው ከተቃወሙ ከተበላሹት ጋር ይሆናል፤ ምርጫውም ይደገማል።»

«እኔ እቃወማለሁ!» አለ ይትባረክ። ወደ ሂክማ ዞረ። «አንቺስ? ትቀበይዋለሽ? በሰው ፊት ተናገሪ!»

ሂክማ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ቢሰረዝ ስሟ ንጹሕ ነው፤ ይደገማል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወይም ወር እንደገና ትወዳደራለች፤ ምናልባት በጥሩ ብልጫ ታሸንፋለች። ያን ዕለት ግን ሽመላ ላይ ከገመዱ እስከ መጀመሪያው ሰው ድረስ፣ አባቷ ድምፁ ሳይቆጠርለት የሚቆምበት አንድ ባዶ ቦታ ይኖራል። ከዚያ በኋላም። ከዚያም በኋላ። ቢቆጠር ደግሞ አሸናፊ ናት፤ በሐሙሲት ሻይ ቤቶችም ታሪኩ ተሠርቶ አልቋል፤ የሳጥን ሌባ ልጅ በሳጥን ሌባ ወረቀት ፓርላማ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ ልታጥበው የተመኘችው ስም በእሷ እጅ ዳግመኛ ጭቃ ይገባል።

እናቷ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። በጆሮዋ፣ «እኔ የምልሽ የለኝም ልጄ» አለቻት። «ብቻ ደክሞታል።»

ሂክማ ቀና ስትል ወለሉን አየች። ያ ሁሉ ሰው በጫማው አቧራ ይዞ በገባበት አዳራሽ፣ ከበሩ ጀምሮ በሰዉ መሐል፣ የማንንም እግር ሳይነካ፣ የባዶ እግር እርጥብ ዱካ መጥቶ ነበር። ጠረጴዛው ዘንድ ደርሶ ቆሟል። ጣቶቹ ወደ ወረቀቱ ናቸው። ከሥሩ ውሃው ቀስ እያለ ይሰፋል፤ እዚያው እንደቆመ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው።

ተነሳች። ዱካውን ሳትረግጥ ጠረጴዛው ዘንድ ሄዳ ቆመች።

«አቶ ይትባረክ፣ ተቃውሞዎን ያንሱልኝ» አለች፤ ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ። «የአባቴ ድምፅ ይቆጠር። ወንበሩን እኔ አልቀመጥበትም፤ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።»